ብእሲት በሥጋዋ ስትመዘን
ስለ ኩዌት ከተማና ስለ አገራችን ልማድ የቀረበ የታሪክ ማስታወሻ

በግዕዝ ወንድን ብእሲ፥ ሴትን ብእሲት እንላለን። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚለያቸውም በመጨረሻው ያለችው «ት» ብቻ ናት። ሰዋስው እንዲህ አንድ ያደረጋቸውን ልማድና ሕግ ለያይተው፥ ወንዱን በሥራው፥ ሴቲቱን በሥጋዋ ሲመዝኑ ብዙ ዘመን ዐልፏል። ለዚህ ምስክር ትኾነን ዘንድ እኅቶቻችን እንጀራ ፍለጋ የሚሄዱባትን ኩዌትን እንመልከት። የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኩዌት ከተማ ቀድሞ በግንብ የታጠረች፥ ሕዝቧም ዕንቍ በመጥለቅና በመርከብ ንግድ የሚኖር ወደብ ነበረች። በ1946 ነዳጅ ዘይቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በመርከብ ተጭኖ ወጣ፤ በ1957 ግንቡ ፈረሰ፤ ከተማዪቱም ወደ ሀወሊ፥ ወደ ሳልሚያና ወደ ፈርዋኒያ ሰፋች። ቤቱ ሲሰፋ የሚጠርገው፥ የሚያበስለውና ሕፃናቱን የሚያሳድገው ሰው ከባሕር ማዶ ይመጣ ጀመር። የእንግዳው መኖሪያ ፈቃድ በአንድ አሠሪ ዋስትና የታሰረ ነው፤ ሥርዐቱ ከፋላ፥ ዋሱም ከፊል ይባላል።

በጥንቱ የባሪያ ንግድ ነጋዴው የሐበሻን ሴት መልኳንና ዕድሜዋን አይቶ ዋጋ ይቈርጥ ነበር። አገራችን ባርነትን በ1942 በዐዋጅ ሻረች። ዛሬ በኮንትራት የምትሄደው እኅት ደመወዝ አላት፤ ስለዚህ ኹለቱን አንድ ነው ማለት አይገባም። ነገር ግን ሳትሄድ በሐኪም ትመረመራለች፤ ፀንሳ ብትገኝ ለሥራ ብቁ አይደለችም ተብላ ትቀራለች። ወንዱም ይመረመራል፤ ማሕፀን ግን የሚጠየቀው የእርስዋ ብቻ ነው።

ኩዌት በ2015 ቍጥር 68 የኾነውን የቤት ሠራተኞች ሕግ አወጣች። የሥራው ሰዓት በቀን ከ12 እንዳይበልጥ፥ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር፥ አሠሪውም ፓስፖርት እንዳይዝ ደነገገች። መልካም ሕግ ነው፤ ኾኖም ከቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ይደክማል። በ2017 አንዲት ኢትዮጵያዊት ከፎቅ መስኮት ተንጠልጥላ ርዳታ ስትለምን፥ አሠሪዋ እጇን በመዘርጋት ፈንታ በስልክ ምስሏን ቀረጸች። ሠራተኛዪቱ ወደቀች፤ በሕይወትም ተረፈች። ይህች አሠሪ ያየችው የሚወድቅ ሥጋን ነው፤ ሰውን አላየችም።

የአገሩ ሴቶች ራሳቸውም ከዚህ ሚዛን አላመለጡም። የ1962 የምርጫ ሕግ ድምፅን ለወንዶች ብቻ ሰጥቶ ነበር። ሴቶች መብቱን ያገኙት በግንቦት 2005 ነው። በ2009 አራት ሴቶች ለምክር ቤት ሲመረጡ፥ ኹለቱ ራሳቸውን ስላልተከናነቡ መቀመጥ አይገባቸውም የሚል ክስ ቀረበ፤ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤትም ክሱን አልተቀበለውም። ክሱ የሴቶቹን ምክር አልመረመረም፤ ጠጕራቸውን እንጂ። ደግሞም በ1960ው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 153፥ ሚስቱን ወይም ልጁን፥ እናቱን ወይም እኅቱን በዝሙት ይዞ የገደለ ሰው ቅጣቱ ቢበዛ ሦስት ዓመት እስራት ነበር። ይህ አንቀጽ የተሰረዘው በ2025 ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን አይተን በሌላው ሕዝብ ብቻ እንዳንፈርድ ወደ ቤታችን እንመለስ። የ1957 የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ሴት ጠልፎ በኋላ ያገባትን ከቅጣት ነፃ ያወጣ ነበር፤ ይህ የቀረው በ2004 በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። በሠርጋችንም «ብር አምባር» ተብሎ የሙሽራዪቱ ድንግልና በእልልታ ይታወጅ ነበር፤ የሙሽራውን ንጽሕና ግን የጠየቀ አልነበረም።

ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን መጠመቃቸውን ይዞ ሴት ታንሳለች የሚል ሰውም አይታጣም። መጽሐፈ ኩፋሌ ግን አዳም በ40ኛው፥ ሔዋን በ80ኛው ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ይነግረናል። ቍጥሩ የመግቢያ ቀን እንጂ የክብር መጠን አይደለም፤ ኹለቱም የገቡት ወደ አንዲት ገነት ነውና።

እንግዲህ ካህናት ሆይ፥ ከኩዌት የተመለሰች ልጅ ወደ እናንተ ስትመጣ፥ መንደሩ አስቀድሞ ሥጋዋን እንደ መረመረ ዕወቁ። ፀንሳ ብትመጣ ይጠቋቈሙባታል፤ ታምማ ብትመጣ ይሸሿታል። እናንተ ግን ደመወዟ ተከፍሏት እንደ ኾነ፥ ሌሊት እንቅልፍ ታገኝ እንደ ኾነ፥ ወደ ፊትም ምን ልትሠራ እንዳሰበች ጠይቋት። ሕፃን ይዛ ከመጣችም የአባቱን ስም ከመጠየቅ በፊት የጥምቀቱን ቀን ቍጠሩለት።