ጋሻና ሚዛን፤ ከስፓርታ እስከ አራዳ



ላፍቶ ላይ ቆሞ ስለ ስፓርታ መናገር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ያነሣሁት ጥያቄ የእኛም ነው፤ ጦረኛ የሚከብርበት ኅብረተሰብ አምራቹንና ነጋዴውን የት ያስቀምጣል?

ስፓርታ መልሷ ግልጽ ነበር። «እኩዮች» የሚባሉት ሙሉ ዜጎች ከጦር በቀር ሌላ ሙያ አልነበራቸውም፤ ንግድም የእጅ ሥራም ክልክል ነው። መሬቱን ሄሎቶች ያርሳሉ፤ መነገዱና ብረት መቀጥቀጡ የፔሪዮይኮይ፣ ማለትም የዙሪያው ነዋሪዎች ድርሻ ነው። ወታደሩ ለጋራ ማዕድ መዋጮውን መክፈል ካቃተው ዜግነቱን ያጣል። ሄሮዶቱስ በ480 ከክርስቶስ ልደት በፊት 8000 ያህል ስፓርታውያን እንደነበሩ ጽፏል። በ371 በሌውክትራ ከተሰለፉት 700 ገደማ 400 ያህሉ ሲወድቁ ግን ከተማይቱ የምትተካቸው ሰው አልነበራትም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በአሰፋፈሯ የጦር ሰፈር ነበረች፤ ራስ መኮንን ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እያልን ዛሬም የምንጠራው የአለቆቹን ስም ነው። በደቡብ ለሠፈረው ወታደር ደመወዙ በማዕረጉ ልክ የሚመደብለት ገባር ነበር። እዚህ ላይ ሄሎትን ማስታወስ ይቀናል፤ እኔ ግን ንጽጽሩ ከዚህ በላይ አይሄድም እላለሁ። በእኛ ዘንድ የባላገር ልጅ ጠመንጃ ይዞ ጌታ ካደረ ወታደር ይሆናል፣ ማዕረግም ያገኛል። የስፓርታ በር ዝግ ነበር።

ነጋዴውስ? በጎንደር ዘመን የሲራራው ንግድ በአብዛኛው በሙስሊሞች እጅ ነበር፤ በዐፄ ዮሐንስ 1ኛ ጊዜ ግን ሰፈራቸው እንዲለይ ተወሰነ። ቢሆንም የእኛ መንግሥት ንግድን አልከለከለም፤ ቀረጠው እንጂ፤ አለቃም ሾመለት። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ በ1900 ዓ.ም. በመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሹመት የንግድና የውጭ ጉዳይን ያዙ። ሚዛን ከጋሻ ጎን መቀመጥ ቻለ ማለት ነው።

ባለእጁ ግን ይህ ዕድል አልደረሰውም። በዚያው ዓመት ዐፄ ምኒልክ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ምን ያህል ሥር ቢሰድ እንደሆነ ልብ በሉ፤ ከሚሰደቡት አንዱ የሠራውን ሸማ የሚለብሰው ተሳዳቢው ራሱ ነበር።

ይቅርታ ይደረግልኝና አንድ የግል ነገር ልጨምር። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ መወርወሪያው ሲመታ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት ስመዘገብ እናቴ የአባቴን ሥራ «ነጋዴ» ብላ አስጻፈች። አዋጁ ከወጣ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር፤ ከመዝጋቢው ጀርባ ግድግዳው ላይ ሠርቶ አደሩን የሚያወድስ መፈክር ተጽፏል።