ዑመር መሬቱን ለምን አላካፈሉትም? የሰዋድ ኸራጅ ታሪክ

በ636 እ.ኤ.አ. ገደማ በሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) የተመራው የሙስሊሞች ጦር በቃዲሲያ ላይ የፋርስን ሠራዊት ድል አደረገ። ጥቂት ቆይቶም የነገሥታቱ መዲና መዳይን ተያዘች። በዲጅላና በፉራት (በጤግሮስና በኤፍራጥስ) ወንዞች ዳርና ዳር የተንጣለለው ለም አገርም በሙስሊሞች እጅ ገባ። ዐረቦች ይህን አገር «ሰዋድ» ይሉታል፤ ጥቁረት ማለት ነው። ከደረቁ በረሃ ብቅ የሚል መንገደኛ የተምር ዛፉንና የአዝመራውን ጥቅጥቅ ልምላሜ ከሩቅ ሲመለከተው ጠቁሮ ስለሚታየው የወጣለት ስም ነው።

ከጦርነት ምርኮ ሲገኝ አራት አምስተኛው ለተዋጊዎች፣ አንድ አምስተኛው ደግሞ ለበይቱል ማል ይሆናል። ወርቁና ብሩ፣ ፈረሱና ምንጣፉ በዚሁ ደንብ ተከፋፈለ። ክርክሩ የተነሣው ተራው ወደ መሬቱ ሲደርስ ነበር። ተዋጊዎቹ «መሬቱም ይከፈለን» አሉ። ጥያቄያቸው ከስግብግብነት የመነጨ ብቻ አድርገን ልናየው አይገባም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኸይበርን መሬት አከፋፍለዋልና ማስረጃ ነበራቸው። ከታላላቆቹ ሶሐባዎች መካከል ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ይህንኑ ሐሳብ ደግፈዋል። በሻም መሬት ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ደግሞ ከሁሉ አጥብቀው ከተከራከሩት አንዱ የኛው ሐበሻ፣ የነቢዩ ሙአዚን ቢላል ኢብን ረባህ (ረ.ዐ) ነበሩ። ክርክሩ ከመጠንከሩ የተነሣ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ከቢላልና ከባልደረቦቻቸው ይገላግላቸው ዘንድ አላህን እስከ መለመን እንደ ደረሱ ተዘግቧል። በባርነት ተገዝቶ የነበረ ሰው በዘመኑ ታላቅ በነበረው መሪ ፊት ቆሞ በመሬት ጉዳይ ይህን ያህል መሟገቱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ወደ ነገራችን እንመለስ።

የዑመር ጥያቄ አንድ ነበር፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሙስሊም ምን ያገኛል? መሬቱ ከነገበሬው ዛሬ ለተገኙት ተዋጊዎች ተከፋፍሎ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ከሆነ፣ ነገ ድንበሩን የሚጠብቀው ወታደር ቀለቡ ከየት ይመጣል? ኩፋና በስራ፣ ሻምና ግብፅ ወታደር ይፈልጋሉ፤ ወታደሩም ደመወዝ ይፈልጋል። የሙት ልጆችና ባል የሞተባቸው ሴቶችስ? ኸሊፋው ከአንሷር አሥር ሰዎችን፣ አምስቱን ከአውስ አምስቱን ከኸዝረጅ ጠርተው አማከሩ። በመጨረሻም በሱረቱል ሐሽር ከ7ኛው እስከ 10ኛው አንቀጽ ያለውን አስረጅ አድርገው አቀረቡ። በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ ሙሃጂሮችና አንሷሮች ከተጠቀሱ በኋላ ከእነርሱ በኋላ የሚመጡትም ተጨምረዋል። ሀብት በሀብታሞች መካከል ብቻ የሚሽከረከር እንዳይሆን የሚያስጠነቅቀውም ቃል የሚገኘው እዚያው ነው። ዑስማን፣ ዐሊይና ጦልሓ (ረ.ዐ) በሐሳባቸው ተስማሙ። መሬቱ ሳይከፋፈል ቀረ። ገበሬው በእርሻው ላይ ሆኖ ያርሳል፤ ለመሬቱም «ኸራጅ» የተባለ ግብር ለበይቱል ማል ያስገባል።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ቅየሳ ነው። ዑስማን ኢብን ሑነይፍና ሑዘይፋ ኢብኑል የማን (ረ.ዐ) ተላኩና መሬቱን ለኩ፤ የተለካውም 36 ሚሊዮን ጀሪብ ሆነ ይባላል። ጀሪብ የመሬት መለኪያ ነው። ግብሩ እንደ አዝመራው ዓይነት ተመደበ። በአንደኛው ዘገባ መሠረት በስንዴ ጀሪብ 4 ድርሃም፣ በገብስ ጀሪብ 2 ድርሃም ሲሆን ወይንና ተምር ከዚህ ከፍ ያለ ይከፈልባቸው ነበር። የዓመቱ ገቢ 100 ሚሊዮን ድርሃም ደረሰ፤ ከዚህም የሚያበልጡ ጸሐፊዎች አሉ።

በሶሒሕ አል-ቡኻሪ የተመዘገበ አንድ ታሪክ አለ። ዑመር ሁለቱን ቀያሾች መዲና ላይ አግኝተው፣ መሬቱ የማይችለውን ጭናችሁበት እንዳይሆን ብለው ጠየቁ። የሚችለውን ብቻ እንደ ጫኑበት መለሱላቸው። ኸሊፋው ግን አልረኩም፤ ደግመው አስጠነቀቋቸው። አላህ ዕድሜ ከሰጣቸው የዒራቅ ባልቴቶች ከእርሳቸው በኋላ የማንንም እጅ የማያዩ እንዲሆኑ እንደሚያደርጉም ተናገሩ። ከዚህ ንግግር በኋላ አራት ቀን እንኳ ሳይሞላ በሱብሕ ሶላት ላይ ተወጉ። ዘመኑ 23 ዓ.ሂ. (644 እ.ኤ.አ.) ነው።

ከኸራጅ የተሰበሰበው ገንዘብ ወዴት ይሄድ ነበር? ትልቁ ክፍል ዲዋን በተባለው መዝገብ ስማቸው ለሰፈረ ሰዎች በዓመት ድርጎ ሆኖ ይከፈል ነበር። ወታደሩ፣ ሚስቱና ልጆቹ በኩፋና በበስራ ተቀምጠው ይህን ድርጎ ይቀበላሉ። የተቀበሉትንም ለእህል፣ ለልብስ፣ ለቤት መሥሪያ ያወጡታል። እህሉን የሚያመጣው ማን ነው? ያው ግብር የከፈለው የሰዋድ ገበሬ ነው። እንግዲህ ድርሃሙ ከገበሬው እጅ ወጥቶ በበይቱል ማል በኩል አድርጎ በገበያ ወደ ገበሬው ይመለሳል። የጦር ሰፈር ሆነው የተቆረቆሩት ሁለት ከተሞች በአንድ ትውልድ ውስጥ ታላላቅ የንግድ ከተሞች ለመሆን የበቁበት አንደኛው ምክንያት ይኸው ዝውውር ነው። ከፊሉ ገንዘብ ደግሞ ወደ ውኃ ሥራ ሄደ። ለበስራ ከዲጅላ ቦይ ተቆፈረላት። በግብፅም ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በኸሊፋው ትእዛዝ የናይልን ወንዝ ከቀይ ባሕር ወደብ ከቁልዙም ጋር የሚያገናኘውን ጥንታዊ ቦይ አስጠርገው የግብፅ እህል በመርከብ ወደ ሒጃዝ እንዲሻገር አደረጉ።

ይህ የቦይ ሥራ የተከተለው «ዓሙ ረማዳ» የተባለውን የድርቅ ዓመት፣ 18 ዓ.ሂ. (639 እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያ ዓመት ዑመር የዘካት ሰብሳቢዎችን ሳይልኩ ቀሩ። ዝናቡ ከተመለሰ በኋላ የሁለቱንም ዓመት ዘካት አስሰበሰቡና ግማሹ እዚያው ለየአካባቢው ድሆች እንዲታደል፣ ግማሹ እንዲመጣላቸው አዘዙ። በክፉ ቀን ማቆየት፣ በደግ ቀን መሰብሰብ ማለት ነው። የዛሬ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ይህን መሰሉን አሠራር በብዙ ገጽ ያስረዱታል።

በኡመያዎች ዘመን ነገሩ ተለወጠ። የሰዋድ ገበሬዎች እስልምናን ሲቀበሉ ጂዝያው ይቀርላቸዋል፤ ብዙዎቹም እርሻውን እየተዉ ወደ ከተማ ፈለሱ። ከ694 እስከ 714 እ.ኤ.አ. ዒራቅን የገዛው ሐጃጅ ኢብን ዩሱፍ ገቢው ሲያንስበት የሰለሙትን ገበሬዎች ከከተማ አስወጥቶ በግድ ወደ መንደራቸው መለሳቸው፤ ጂዝያውንም እንደ ቀድሞው አስከፈላቸው። ሰዎቹ እያለቀሱ ከበስራ ሲወጡ የቁርኣን ሊቃውንት አብረዋቸው አለቀሱ ይባላል። ብዙዎቹም የኢብኑል አሽዐስን ዓመፅ ተቀላቀሉ።

ሐጃጅ የእርሻን ጥቅም አያውቅም ነበር ማለት ግን አይደለም። ለገበሬዎች 2 ሚሊዮን ድርሃም ማበደሩና የእርሻ በሬ እንዳይታረድ መከልከሉ ተጽፎለታል። ችግሩ በአንድ እጁ ያበደረውን በሌላው እጁ መቀማቱ ነበር። በዘመኑ የወንዝ ግድቦች ተደርምሰው ብዙ መሬት በውኃ ተዋጠ። ለጥገናው 3 ሚሊዮን ድርሃም ያስፈልጋል ሲባል ኸሊፋው ወሊድ ገንዘቡ በዛባቸው። የኸሊፋው ወንድም መስለማ ግን «እኔ ከኪሴ ላውጣ፤ ውኃ የዋጠው መሬት ይሰጠኝ» ብሎ ወሰደው። ልብ እንበል፤ በይቱል ማል ወጪውን ስለ ሸሸ ዑመር ለመጪው ትውልድ ብለው ካቆዩት መሬት ከፊሉ የአንድ ልዑል ርስት ሆነ። ግብርን ማክበድ ብቻ ሳይሆን ማውጣት በሚገባ ጊዜ አለማውጣትም አገር ያጠፋል።

የሰዋድ ገቢ በሐጃጅ ዘመን ምን ያህል ወረደ? አንዱ ጸሐፊ 18 ሚሊዮን ድርሃም፣ ሌላው 118 ሚሊዮን ይላል። በመገልበጥ «መቶ» የምትለዋ ቃል ተጨምራ ወይም ተዘልላ ይሆናል። ከእርሱ በኋላ ዑመር ኢብን ዐብዱል ዐዚዝ 120 ወይም 124 ሚሊዮን ሰበሰቡ ይባላል። እኔ በበኩሌ እኚህ ኸሊፋ የገዙት ከ717 እስከ 720 እ.ኤ.አ. ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ ትንሹን ቁጥር ይዞ ይህን ያህል ጭማሪ ለማመን ይከብደኛል። የታሪክ ጸሐፊዎቹ አንዱን በፍትሕ፣ ሌላውን በግፍ ለማስታወስ ቁጥሩን እንደ ምሳሌ የያዙት ይመስላል።

ደብዳቤዎቻቸው ግን ከቁጥሩ ይልቅ ይናገራሉ። የሰለመ ሰው ጂዝያ እንዳይከፍል አዘዙ፤ ገቢው ቀነሰ ብለው የተቆጡ ሹማምንትንም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አላህ ጠሪ እንጂ ቀረጥ ሰብሳቢ ሆነው እንዳልተላኩ አስታወሷቸው። ለኩፋው አገረ ገዥ ለዐብዱልሐሚድ በጻፉት ደብዳቤ የጠፍ መሬትን ግብር በለማው ላይ እንዳይጭን፣ ጠፉንም መርምሮ የሚችለውን ብቻ እየወሰደ እስኪለማ እንዲያግዝ አዘዙት። የኖውሩዝና የሚህረጃን በዓላት ስጦታ፣ የወረቀት ዋጋ፣ የጋብቻ ድርሃም የሚባሉትን ጥቃቅን ቀረጦችም ሰረዙ።

ይኸው አገረ ገዥ ድርጎ ከፍሎ ሲያበቃ ገንዘብ እንደ ተረፈው ጻፈ። በብልግና ሳይሆን በችግር የተበደረውን ሰው ዕዳ ክፈልለት ተባለ። ከፈለ፤ አሁንም ተረፈ። ማግባት ፈልጎ ገንዘብ ያጣውን ዳር አሁን ተባለ። ዳረ፤ አሁንም ተረፈ። ጂዝያ ከፋይ ሆኖ መሬቱን ለማረስ አቅም ላነሰው አበድር፤ እኛ የምንፈልገው የአንድና የሁለት ዓመት ግብሩን ብቻ አይደለምና የሚል ትእዛዝ መጣ። ይህንን አቡ ዑበይድ ስለ ገንዘብ በጻፉት ኪታብ አስፍረውታል።

በዐባሲዮች ዘመን ኸሊፋ ሃሩን አል-ረሺድ (786–809 እ.ኤ.አ.) ለዋናው ቃዲያቸው ለአቡ ዩሱፍ ስለ ኸራጅ ጥያቄ አቀረቡ፤ መልሱ «ኪታቡል ኸራጅ» የተባለው መጽሐፍ ሆነ። አቡ ዩሱፍ በጀሪብ የሚቆረጠው ቁርጥ ግብር ቀርቶ ከምርቱ በድርሻ እንዲወሰድ መከሩ፤ ምክንያቱም መሬቱ ጠፍ ሲሆን ወይም ዋጋ ሲዋዥቅ ቁርጡ ግብር ገበሬውን ወይም በይቱል ማልን ይጎዳል። በወራጅ ውኃ ከሚለማ ስንዴና ገብስ ሁለት አምስተኛ፣ ውኃ በመሣሪያ ተስቦ ከሚለማው ግን ከሦስት አሥረኛ ያልበለጠ፣ ከተምርና ከወይን ሲሶ፣ ከበጋ አዝመራ ሩብ። ድካም የበዛበት ግብሩ ያንሳል ማለት ነው። በአገራችን እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ሲሶና እኩል ሲያርሱ የኖሩ አባቶች የድርሻን ጣዕም ያውቁታል። ልዩነቱ የጭሰኛው ድርሻ ለባለ መሬቱ ጎተራ መግባቱ፣ የኸራጁ ድርሻ ግን ለበይቱል ማል መሆኑ ነው።

አቡ ዩሱፍ አጥብቀው የተቃወሙት ግብርን በኮንትራት መስጠትን ነው። ኮንትራተኛው ለመንግሥት ቁርጥ ገንዘብ ገብቶ የሚተርፈው የእርሱ ስለሚሆን ገበሬው ቢደኸይ፣ አገሩ ቢፈርስ ግድ የለውም። ከዲጅላና ከፉራት የሚወጡት ታላላቅ ቦዮች ጥገናም ከበይቱል ማል እንዲሆን አሳሰቡ። ምክሩ ለጊዜው ሠራ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ግን ግብሩም መሬቱም በጦር አለቆች እጅ ወደቀ። በ930ዎቹ ኢብን ራኢቅ የተባለው አሚር የተቀናቃኙን የበጅከምን ጦር ለመግታት ሲል ታላቁን የነህረዋን ቦይ ሰበረው። በጅከም ግን አልተገታም፤ ባግዳድ ገባ። የተጎዳው በቦዩ የሚጠጣው እርሻ ነው።

ይህን ሁሉ ታሪክ ሰብስበው ሕጉን ለማውጣት የሞከሩት የቱኒሱ ተወላጅ ኢብን ኸልዱን (1332–1406 እ.ኤ.አ.) ናቸው። በ1377 እ.ኤ.አ. በረቂቅ የጨረሱት «ሙቀዲማ» መንግሥት ሲጀምር ትንሽ ግብር ጥሎ ብዙ እንደሚሰበስብ፣ ሲያረጅ ግን ብዙ ጥሎ ትንሽ እንደሚያገኝ ያስረዳል። ግብሩ ሲከብድ ሰው የሚለፋበት ተስፋ ያጣል፤ ልፋቱን ሲያቆም ግብሩም ይደርቃል። በ1981 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬጋን ግብር ስለ መቀነስ ሲከራከሩ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ የኢብን ኸልዱንን ስም ጠቀሱ። ሙስሊሞች ደስ አላቸው፤ ደስ ሊላቸውም ይገባ ነበር።

ነገር ግን በዚያው ኪታብ ውስጥ ያልተጠቀሰ ሌላ ምዕራፍ አለ። መንግሥት ከገበያዎች ሁሉ ትልቁ ገበያ ነው ይላሉ ኢብን ኸልዱን። ገንዘቡን ይዞ ካላወጣ የሹማምንቱና የወታደሩ እጅ ያጥራል፤ እነርሱ መግዛት ሲያቆሙ ነጋዴው ይከስራል፤ ነጋዴው ሲከስር ደግሞ ግብሩ ራሱ ይቀንሳል። ገንዘብ በሕዝብና በመንግሥት መካከል ይመላለሳልና መንግሥት ካስቀረው ሕዝቡ ያጣዋል ይላሉ። ይህን የጻፉት ሰው ራሳቸው በቢጃያ ባለ ሥልጣን በነበሩ ጊዜ በተራራ ከሚኖሩ የበርበር ጎሣዎች መካከል እየገቡ ግብር የሰበሰቡ ናቸው።