የወንድ ብልት ተከላ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት ሳምንታት በሰሜን ተራሮች ግርጌ

የወንድ ብልት ተከላ በኪኒን፣ በመርፌ ወይም በሌላ ሕክምና ያልተመለሰ ስንፈተ ወሲብ ያለበት ሰው ብልቱ ውስጥ ሰው ሠራሽ ዘንግ ወይም በፈሳሽ የሚሞላ ቱቦ የሚቀመጥበት ቀዶ ሕክምና ነው። ቀዶ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ሳምንት ግን የታካሚው ድርሻ ነው። የመሣሪያ አምራቾች ስለነዚህ ሳምንታት የሚያትሟቸው መመሪያዎች የተጻፉት መኪና ለሚነዳ፣ ቢሮ ለሚውል፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ በረዶ ለማያጣ ሰው ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ለሚኖር፣ በቅሎ ለሚጋልብ፣ ሞፈርና ቀንበር ለሚሸከም፣ ገበያ በእግሩ ወጥቶ ለሚወርድ ሰው ምክሩ ያው ሆኖ አፈጻጸሙ ይለያል።

ወደ ተከላ የሚያደርሰው

ዋናዎቹ ምክንያቶች ለረጅም ጊዜ የቆየ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የደም ሥር ጥበት፣ የፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና፣ ለሰዓታት ሳይበርድ የቆየ የሚያም የብልት መቆም እንዲሁም የአከርካሪና የዳሌ ጉዳት ናቸው። የመጨረሻው እዚህ ዝርዝር ውስጥ ለምን እንደገባ ለአካባቢው ሰው ማስረዳት አያሻም፤ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ያውቀዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምትም የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ አይቷል።

አገሬው ችግሩን ብዙ ጊዜ ከሰው እጅ ያደርገዋል። «ታስሮ ነው» ይባላል፤ ሰላቢ ይጠረጠራል፤ ጠበልና መድኃኒተኛ ቀድመው ይሞከራሉ። ጠበል መጠመቁ ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ ጊዜው ነው። ስንፈተ ወሲብ ሳይታወቅ ለቆየ የስኳር በሽታ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ማን እንዳሰረው ሲያፈላልግ ስኳሩ ዓይኑንና ኩላሊቱን ይጎዳል።

ተከላ የመጨረሻው አማራጭ የሆነው መመለሻ ስለሌለው ነው። መሣሪያው ሲገባ ብልትን የሚያቆመው ለስላሳ ሥጋ ቦታውን ይለቃል፤ መሣሪያው በኋላ ቢወጣ የቀድሞው የተፈጥሮ መቆም አይመለስም። ቪያግራና መሰሎቹም ከዚያ ወዲያ ለመቆም አያገለግሉም። የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ከመፈረም በፊት ሐኪሙ ደጋግሞ ሊያስረዳው፣ ታካሚውም ደጋግሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነጥብ ይህ ነው።

መሣሪያው

ሩሲያዊው ቀዶ ሐኪም ኒኮላይ ቦጎራዝ እ.ኤ.አ. በ1936 ለተመሳሳይ ዓላማ ከጎድን የተወሰደ ልም አጥንት ተጠቅሞ ነበር። ዛሬ የሚሠራበት በፈሳሽ የሚሞላው ዓይነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ብራንትሊ ስኮትና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ካቀረቡት በኋላ ነው።

ሁለት ዋና ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ተጣጣፊ ዘንግ ነው፤ ሲፈለግ በእጅ ቀና ይደረጋል፣ ሲበቃ ወደ ታች ይታጠፋል። ሁልጊዜ ጠጣር ስለሆነ በጠባብ ሱሪ ሥር ይታወቃል። ጋቢ ለሚደርብ የደጋ ሰው ግን ይህ ብዙም ጭንቀት አይደለም፤ የሚበላሽ ፓምፕ የሌለው መሆኑና ዋጋው ማነሱም ከሐኪም ቤት ርቆ ለሚኖር ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ሦስት ክፍል አለው፦ ብልት ውስጥ የሚገቡ ሁለት ቱቦዎች፣ በቆለጥ ከረጢት ውስጥ የሚቀመጥ ፓምፕና ከታችኛው ሆድ ውስጥ የሚደበቅ የፈሳሽ ማጠራቀሚያ። ፓምፑ ሲጨመቅ ጨዋማው ውሃ ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳል፤ መልቀቂያው ሲነካ ይመለሳል። ይበልጥ ተፈጥሯዊ የሚመስለው ይህ ነው። የሚሞላው ፈሳሽ እንጂ አየር ስላልሆነ ከዛሪማ ቆላ ወደ ጨነቅ ብርድ መውጣት መሣሪያውን አይነፋውም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

በጎንደር መንገድ ዳባት ከጎንደር ከተማ 75፣ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ታካሚው ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሪፈር እየተባለ የመሽኒያ አካላት ቀዶ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል፤ ጎንደር ሊሆን ይችላል፣ አዲስ አበባ፣ ወይም ገንዘቡ ላለው ውጭ አገር። የትም ይሁን፣ በተሠራ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ አገር መግባት ጥሩ ሐሳብ አይደለም። እስከ መጀመሪያው የቁስል ምርመራ ድረስ፣ ማለትም አንድ ሁለት ሳምንት፣ ዘመድ ቤት ወይም ኪራይ ቤት ከሐኪሙ ከተማ መቆየት ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ታካሚው ብዙውን ጊዜ አንድ ሌሊት ያድራል። ከማደንዘዣው ሲነቃ የሽንት ቱቦ ገብቶለት ያገኘዋል፤ በአብዛኛው በማግስቱ ይወጣል። ደም እንዳይጠራቀም ትንሽ ማፍሰሻ ቱቦም ሊኖር ይችላል። አንዳንድ ሐኪሞች መድማቱን ለመቀነስ መሣሪያውን በከፊል ሞልተው ያቆዩታል፤ ስለዚህ ብልቱ ቆሞ ቢያየው መደንገጥ የለበትም።

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ግን የቆለጥ ከረጢቱ ነው። ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ከሎሚ አልፎ ብርቱካን ያክላል። የተለመደ ነው፤ በጥቂት ቀናት ከፍ ብሎ በሳምንታት ይጎድላል። ሕመሙ በመጀመሪያው ሳምንት የበረታ ነው፤ ከዚያ ከቀን ወደ ቀን ሊቀንስ ይገባዋል፤ ቅሪቱ ግን አራትም ስድስትም ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ብልቱ ወደ እምብርት ቀና ብሎ እንዲያርፍ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ይታዘዛል፤ ይህም አንድ ወር ያህል ይዘልቃል፤ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከዳነ ጎብጦ ሊቀር ይችላልና። እብጠቱ ሲጎድል ፓምፑ ወደ ላይ ሸሽቶ እንዳይቀር በየቀኑ በጣት ቀስ አድርጎ ወደ ታች መሳብ ያስፈልጋል።

ከማደንዘዣና ከማስታገሻ በኋላ የሆድ ድርቀት ይመጣል፤ ማማጥ ደግሞ ቁስሉን ያስጨንቃል። ውሃ በብዛት መጠጣት፣ የገብስ ምግብና ተልባ እዚህ ጋ ከማንኛውም ውድ መድኃኒት አያንሱም። ስኳር ያለበት ሰው ተልባውን ያለማር ይጠጣ።

ስድስት ሳምንት ከበቅሎ መውረድ

የደጋው ሰው የሚፈተነው እዚህ ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከባድ ዕቃ ማንሳት ክልክል ነው፤ ከባድ ሲባል ደግሞ 5 ኪሎ ያህል ነው፤ ኩንታሉ ቀርቶ በጀሪካን የሞላ ውሃም ከዚያ በላይ ይመዝናል። እርሻ፣ አጨዳ፣ እንጨት ፈለጣ የለም። በቅሎና ፈረስ መጋለብ የለም፤ ኮርቻው የሚያርፍበት ቦታ መሣሪያው ካረፈበት ጋር አንድ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ ቱሪስት ይዞ ወደ ሳንቃበርና ግጭ ለሚወጣ አስጎብኚ፣ ስካውት ወይም በቅሎ ነጂ ይህ ማለት አንድ ወር ተኩል ያለ ገቢ ማለት ነው፤ በጀቱ ውስጥ የሕክምናውን ወጪ ብቻ የቆጠረ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ይገኛል። ለጥ ባለ ቦታ በእግር መንሸራሸር ግን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ይመከራል።

ስለዚህ ወቅት መምረጥ ተገቢ ነው። አውድማው ከተነሣ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል መሠራት ለኦርቶዶክስ አማኝ ገበሬ እንደተለካ ልብስ ይገጥማል፦ ጾሙ 55 ቀን ነው፣ ባልና ሚስት በልማዱ የሚለያዩበት ጊዜ ነው፣ ሐኪሙ የሚጠይቀው ደግሞ ስድስት ሳምንት። ሰውየው ለምን ራቅ እንዳለ የሚጠይቀው ሰው እንኳ የለም። ቁስል ግን እንቁላልና ወተትም ሆነ ሽሮና ምስር ጠግቦ መብላት ይፈልጋል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል ስኳርን ያናውጣል። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለት የነፍስ አባት ያውቃሉና እሳቸውን ቀድሞ ማማከር ይሻላል።

ጠበልን በተመለከተ ጥያቄው የሚነሣው አሁን ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ገላን በሚፈስ ንጹሕ ውሃ መታጠብ ይቻላል፤ ቁስሉ እስኪደርቅና እስኪገጥም ግን ወንዝም ሆነ ኩሬ ውስጥ መዘፈቅ፣ ተጎንብሶ ጠበል መጠመቅም ይቆይ።

መሣሪያውን ሥራ ማስጀመር

በ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ታካሚው ተመልሶ ይሄዳል፤ ሐኪሙ ፓምፑን እንዴት እንደሚጨመቅና እንደሚለቀቅ ያስተምረዋል። የመጀመሪያው ጊዜ ያማል። ቤት ሲገባ በቀን አንድ ሁለቴ ሞልቶ 10 ወይም 15 ደቂቃ አቆይቶ መልቀቅን ይለማመዳል። ቀጠሮው የሩቅ ነው ብሎ በገዛ እጁ የሚሞክር አለ፤ እስከ ቀጠሮው መታገሥ ከባድ ቢሆንም ያን መንገድ እንደገና መጥቶ መማር ይሻላል። ግንኙነት የሚፈቀደው ከዚህ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ይረዳል። ቅቤና ቫዝሊን ኮንዶም ያበላሻሉ፤ ተከላው ደግሞ ከኤችአይቪም ከእርግዝናም አይከላከልም።

ምን እንደሚለወጥና ምን እንደማይለወጥ አስቀድሞ ማወቅ ቅሬታን ይቀንሳል። ስሜቱ፣ እርካታውና ዘር መፍሰሱ ከተከላው በፊት እንደነበሩ ይቀጥላሉ፤ ልጅ የመውለድ ችሎታንም መሣሪያው አይወስድም። የብልቱ ጫፍ ግን እንደ ወጣትነቱ አይሞላም። ርዝመት አይጨምርም፤ ብዙዎች እንዲያውም አጠረብኝ ይላሉ። እንዲህም ሆኖ ከታካሚዎች ብዙኃኑ ረክተናል ይላሉ፤ ሚስቶቻቸውም ጭምር። ሚስት ከመጀመሪያው ታውቃ ሐኪሙ ዘንድ አብራ የሄደችበት ቤት ደግሞ ቁስሉን የሚያይ ሁለተኛ ዓይን አለው።

ኢንፌክሽን

በመጀመሪያ ተከላ ላይ ኢንፌክሽን የሚደርሰው ከመቶ ከ1 እስከ 3 በሚሆኑት ላይ ነው፤ ስኳሩ ባልተስተካከለለትና ድጋሚ በሚሠራለት ሰው ይጨምራል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ አንዳንዶቹ መሣሪያዎች በአንቲባዮቲክ ተለብጠው ይመጣሉ። ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው፦ ቀንሶ የነበረ ሕመም እንደገና መባባስ፣ ትኩሳት፣ መቅላትና መሞቅ፣ መግል፣ ፓምፑ ከቆዳ ጋር ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ማለቱ፣ የመሣሪያው ክፍል በቆዳ ውስጥ መታየቱ። ሽንት እምቢ ካለም ሌሊት ነው ሳይባል ይኬዳል።

ከባዱ ነገር መናገሩ ነው። በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሴት ናት፤ ምናልባትም የጎረቤት ልጅ። ሰውየው ጤና ጣቢያ ይሄድና «ሲስተር፣ ትኩሳት ትኩሳት ይለኛል» ይላል፤ ከወገቡ በታች ያለውን ግን አይነግራትም። የወባ ምርመራ ይደረግለታል፣ ኪኒን ይዞ ይመለሳል። መሣሪያ ላይ የሰፈረ ኢንፌክሽን ግን በኪኒን ብቻ እምብዛም አይድንም፤ ብዙ ጊዜ መሣሪያው ወጥቶ ቦታው ይታጠባል፤ በጊዜ ከተደረሰ ያን ዕለት አዲስ ሊተካ ይችላል፤ ከዘገየ ጠባሳው ብልቱን ያሳጥራል፣ ሁለተኛውንም ተከላ ያከብደዋል። ከሆስፒታል ሲወጣ የሚሰጠውን የመሣሪያ ካርድ ይዞ መሄድ እዚህ ይጠቅማል፤ አፍ የሚያፍርበትን ካርዱ ይናገርለታል።

ካርዱ በኋላም ይፈለጋል። የቡአ ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግለት ሐኪም የፈሳሽ ማጠራቀሚያው የት እንዳለ ማወቅ አለበት፤ የሽንት ቱቦ የሚያስገባ ነርስም መሣሪያው መለቀቁን ማረጋገጥ አለበት። የሚሞላው ዓይነት ሸክም ሲነሣ ራሱን በከፊል ሊሞላ ይችላል፤ አዲሶቹ ይህን የሚገታ መዝጊያ አላቸው። ከ10 ዓመት በኋላም አብዛኞቹ ይሠራሉ፤ ዘለዓለማዊ ግን አይደሉም። ቱቦው ቢቀደድ የሚፈሰው ጨዋማ ውሃ ስለሆነ ሰውነት ይመጠዋል፤ ሰውየው የሚያውቀው አንድ ቀን ፓምፑን ሲጨምቀው ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ነው፤ ያን ጊዜ ሪፈር ወረቀቱን ይዞ እንደገና የጎንደርን መንገድ ይጀምራል።