ግርፋቱ በማን ጀርባ ላይ ነበር?

ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) ሲነሡ ቀድሞ ትዝ የሚለን ጦረኝነታቸው ነው። በገዳማት የተጻፉት ገድላት ግን ሌላ ሰው ያሳዩናል፤ የአባታቸውን ሚስት አግብተዋል ተብለው የተወቀሱ ንጉሥ። አባ አኖሬዎስ ይህን ነውር ፊት ለፊት ተናገሩ፤ ተገረፉም። ከፈሰሰው ደማቸው እሳት ተነሥቶ የንጉሡን ከተማ አቃጠለ ይላል ትውፊቱ። እሳቱን ማመን አለማመን የአንባቢ ፈንታ ነው። ከንጉሡ ጋር የተጣሉት መነኮሳት ግን በእርግጥ ወደ ሩቅ አገር ተጋዙ፤ በየተጋዙበትም ወንጌልን ሰበኩ።

እኔን ይበልጥ የሚገርሙኝ አባ በጸሎተ ሚካኤል ናቸው። ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ንጉሡን ብቻ ሳይሆን ጳጳሱንም ክህነትን በገንዘብ ሰጡ ብለው ገሥጸዋል። የዓለሙን ነውር ለማውገዝ የሚቸኩል አንደበት ሞልቷል፤ ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ የሚጀምር ግን ያኔም ዛሬም ጥቂት ነው።

አባ ኤዎስጣቴዎስ ደግሞ መራቅን መረጡ። ደቀ መዛሙርታቸው ከመኳንንት ደጅ እንዲርቁ አስተማሩ፤ በቀዳሚት ሰንበት ክርክር ተቃውሞው ሲበረታባቸውም በ1337 እ.ኤ.አ. ገደማ አገር ጥለው ወጡ፤ በ1352 በአርመን ምድር ዐረፉ። የተገለሉት ተከታዮቻቸው ጸንተው ቆይተው፣ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የቅዳሜ መከበር ጸደቀላቸው።

ያን ጉባኤ የጠሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ናቸው። ሊቅ ነበሩ፤ ደራሲም ነበሩ፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ጥንቆላንና ጣዖትን ከሕዝቡ ለመንቀል ሲሉ በሰው ግንባር ላይ የሥላሴን ስም አስጻፉ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚነግረን የገዛ ልጆቻቸውን ሳይቀር በጣዖት አምልኮ ክስ አስገረፉ፤ ከግርፋቱ የተነሣ የሞቱም አሉ።

ነውሩ በሁለቱም ዘመን እውነተኛ ነበር እንበል። አኖሬዎስ ስለ እውነት ጀርባቸውን ሰጡ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ስለዚያችው እምነት ጅራፉን የጨበጠው ቤተ መንግሥቱ ነበር። ይህ ልዩነት ለእኔ ከጉባኤያት ሁሉ ይከብዳል።

በባንክ መስኮት ጀርባ የምውል ሰው ነኝና ስለ ተጋድሎ ለመናገር አልደፍርም። አንድ ቀን ግን አንዲት አሮጊት ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈው ሳለ፣ ዘመዱ ባለሥልጣን የሆነ ሰው ተራ ጥሶ ሲስተናገድ አየሁ። አንገቴን ደፍቼ ብር መቁጠሬን ቀጠልኩ። ማታ ሒሳቤን ስዘጋ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም።