የሐይቁ ወንጌልና የምርጫ ሰሞን ገንዘብ

ነገሩ የጀመረው በቡና ነው። በአንድ የምርጫ ሰሞን አንድ የምናውቀው ሰው ጋበዘንና «ትንሽ ነገር ጻፉልን፣ ክፍያው አያሳስባችሁ» አለን። የየትኛው ፓርቲ ሰው እንደነበረ መናገር አያስፈልግም፤ የማንም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው። ጽሑፉ በእኛ ስም እንዲወጣ፣ የከፋዩ ስም ግን የትም እንዳይነሳ ፈለገ። ግማሾቻችን ወዲያው «አይሆንም» አልን። የቀሩት ደግሞ «የቤት ኪራይ በኩራት አይከፈልም፤ የድሮዎቹ ጸሐፊዎችስ ነገሥታቱን ሲያወድሱ በምን ይኖሩ ነበር?» ብለው ተከራከሩ። ከመካከላችን አንዱ የሐይቅ ልጅ ስለሆነ ክርክሩን ይዞን ወደ አገሩ ሄደ።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባበታል (እኅቶቻችን ግን አይገቡም፣ ገዳሙ የወንዶች ነው)። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከደብረ ዳሞ መጥተው እዚህ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚሁ እንደተማሩ ይነገራል። ይኩኖ አምላክም እንዲሁ፤ ገድሉ እንደሚለው በልጅነቱ የኢየሱስ ሞዓ ተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1270 ዛጉዌን ጥሎ ሲነግሥ አባ ኢየሱስ ሞዓ በጸሎትም በምክርም ረድተውት ነበርና፣ በቃል ኪዳኑ መሠረት ለቤተ ክርስቲያን ሲሶ መንግሥት ሰጠ ይባላል። «ሲሶ ለቀዳሽ» የሚለውን ያልሰማ የለም።

ይኼን ነው እንግዲህ የእኛዎቹ ተከራካሪዎች እንደ ማስረጃ ያቀረቡት። ድጋፍ ተሰጠ፣ መሬት ተከፈለ፣ ምን ነውር አለው?

ነውሩ ያለው ውል የተባለው ነገር በሚገኝበት ቦታ ላይ ነው። ታደሰ ታምራት ስለ ሐይቅ አበምኔቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ታሪኩን የሚነግረን ገድል ከይኩኖ አምላክ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የተጻፈ ነው። በዚያ ጊዜ የሐይቁ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ጋር ይቆጠራል፤ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደነበሩት ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ያለ ሰው ንጉሡ አጠገብ ይውላል። ደብረ ሊባኖስ ደግሞ በበኩሏ «መንግሥቱን የመለሱት የእኛው ተክለ ሃይማኖት ናቸው» ትላለች። ሁለት ገዳማት ለአንድ ውለታ ሁለት ደረሰኝ ያቀርባሉ ማለት ነው፤ ሁለቱም ደረሰኞች ዘግይተው የተቆረጡ። ማን ለማን ስንት እንደከፈለ እስከ ዛሬ ሊቃውንት የሚከራከሩት ለዚህ ነው።

እዚያው ሐይቅ ግን ሌላ መጽሐፍ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 81 ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ነው። የራሳቸው ሥዕል አለበት፣ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍትም ተዘርዝረውበታል። በአገራችን ልማድ ወንጌል የሚነበብ ብቻ አልነበረም፤ መዝገብም ነበር። ንጉሡ ወይም ባላባቱ ጉልት ሲሰጥ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ የሰጪው ስም፣ የመሬቱ ስም፣ የምስክሮቹ ስም ይጻፋል፤ መጨረሻ ላይ የሚያፈርሰውን ሰው የሚረግም ግዝት ይከተላል። እነዚያ መነኮሳት ከፖለቲካ ሰው እጅ ተቀብለዋል፣ አላፈሩበትምም። ግን ጻፉት። ግራኝ አሕመድ በ1530ዎቹ መጀመሪያ ሐይቅ ደርሶ የገዳሙ ሀብት ሲወሰድ ይኼ ወንጌል ተርፏል።

ክብረ ነገሥትም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መጽሐፉን ያዘጋጀው የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ በማሳረጊያው ላይ የእንደርታውን ገዥ ያዕቢከ እግዚእን ስም ያነሳል። መጽሐፉ በዛጉዌ ዘመን ያልተተረጎመው እስራኤላዊ ያልሆነ ንጉሥ ሕግ ተላላፊ ነው ስለሚል እንደሆነም ሳይደብቅ ይነግረናል። ከዚህ በላይ የፖለቲካ ጽሑፍ ከየት ይመጣል? ሆኖም አንባቢ የማን ወገን እንደሆነ ከራሱ ከጸሐፊው አፍ ሰምቶ ይመዝነዋል። (ያዕቢከ እግዚእ ራሱ በኋላ በዓምደ ጽዮን ላይ ሸፈተ፤ ደጋፊ እንዲህ ነው።)

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዷ ያነሳችውን ሳናልፍ አንቀርም። ስሙ የተጻፈ ስጦታም ቢሆን ያልተጻፈውን ይወስናል አለች። እውነቷን ነው። በ1270 የተሸነፈው ወገን ከዙፋኑ እንዴት እንደወረደ በራሱ አንደበት የነገረን መጽሐፍ የታለ? የላሊበላና የነአኩቶ ለአብ ገድላት እንኳ የተጻፉት ሥርወ መንግሥቱ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ጉልት የሚሰጠው አዲሱ ንጉሥ ነበር፤ ብራናውም ወደዚያው ሄደ። ለዚህ መልስ የለንም።

የእኛ ዘመን ደግሞ የባሰውን መንገድ መረጠ። ከሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫ 5 ቀን ሲቀረው ፌስቡክ፣ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት አላቸው ያላቸው ሰዎች ያንቀሳቅሷቸው የነበሩ 65 አካውንቶችንና 52 ገጾችን ማጥፋቱን አስታወቀ። ለማስታወቂያ የተከፈለ ገንዘብም ነበረበት። እነዚያን ገጾች ያነበበ ሰው ጎረቤቱ የጻፈው መስሎት ሊሆን ይችላል። የሐይቅ መነኩሴ ቢሆን የሰጪውን ስም ከነምስክሩ ያሰፍር ነበር።

አዝማሪ ቤት እንኳ ግጥሙን የሚሰጠው ሰው ብሩን የሚሸልመው በሰው ፊት ነው። የአምባሰልን ቅኝት እየሰማ ሲሸልም ታዳሚው አይቶ ይስቃል፣ ውዳሴውንም በዚያው ልክ ይሰማዋል።

በመጨረሻ ለሰውዬው ደወልንለት። ከጽሑፉ ራስ ላይ «ይኼን ያስጻፈው እገሌ ፓርቲ ነው፣ ይኼን ያህል ከፍሏል» ብለን የምንጽፍ ከሆነ አሁንም እንነጋገር አልነው። ትንሽ ዝም አለና «እንደዛ ከሆነማ ለጋዜጣ አልሰጠውም?» አለን። የቡናውን ሒሳብ እሱ ከፍሎ ነበር፤ 4 ማኪያቶና 1 ሻይ።