ቆዳና ገበታ፦ የድጉሰት ሙያ በምሥራቅ ጎጃም የትምህርት ታሪክ

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ስላለው ነባር ትምህርት ሲነገር በቅድሚያ የሚወሳው ቅኔ ነው። ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ በጉባኤያቸው የታወቁ ናቸው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»ም የዲማን ስም በአገሩ ሁሉ አሰምቷል። ከዚህ ዝና ጋር እምብዛም የማይነሣው፣ ተማሪውና መምህሩ የሚገለገሉበትን መጽሐፍ ለትውልድ ያቆየው ሙያ ነው፤ ይኸውም ቆዳን ከእንጨት ጋር የማያያዝ ጥበብ ነው።

የብራና መጽሐፍ ሲጠረዝ ቅጠሎቹ በጅማት ክር እርስ በርሳቸው ይሰፋሉ፤ ክሩም በገበታዎቹ ጠርዝ በተበሱት ቀዳዳዎች አልፎ ከእንጨቱ ጋር ይታሰራል። ገበታው ከዋንዛ፣ ከወይራ ወይም ከጽድ ይጠረባል። እንግዲህ የመጽሐፉ ዋና ማሰሪያ ስፌቱ ነው፤ ቆዳ ሳይለብሱ በገበታቸው ብቻ ለብዙ ዘመን ያገለገሉ መጻሕፍት ለዚህ ምስክር ናቸው። ድጉሰቱ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው። የለፋው ቆዳ፣ በተለይም የፍየል፣ በገበታው ላይ ተስቦ በሙጫ ይለጠፋል፤ ዳርቻው ወደ ውስጠኛው ገጽ ይታጠፋል፤ በመካከል የቀረው ክፍት ቦታ አንዳንድ ጊዜ በጨርቅ ይሸፈናል። በመጨረሻም ደጓሹ በጋለ ብረት መስቀልና ልዩ ልዩ ጌጥ ያትምበታል።

ሥራው የሁለቱን ዕቃዎች ጠባይ ማወቅን ይጠይቃል። ቆዳ ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በአንድ ፊት ብቻ የተለጠፈ ቆዳ ሲደርቅ ስስ ገበታን ሊያጎብጥ ይችላል። በከበሮ ሥራ ግን ይኸው መኮማተር ይፈለጋል፤ እርጥቡ ቆዳ በከበሮው አፍ ላይ በጠፍር ተወጥሮ ሲደርቅ እንጨቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ድምፁም ይጠራል። አንዱ የተፈጥሮ ሕግ በአንዱ ሥራ ጥንቃቄን፣ በሌላው ጥቅምን አስገኝቷል።

ሆኖም ለሙያው የተሰጠው ክብር ከጥቅሙ ጋር አልተመጣጠነም። መጽሐፉ እየተሳመ፣ ቆዳ የሚያለፋው ሰው «ፋቂ» እየተባለ ይናቅ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር ቢያውጁም ንቀቱ በአዋጅ ብቻ ሊጠፋ አልቻለም።

በጽሑፍ ረገድ የተደረገው ጥረት የሚመሰገን ነው። የዩኔስኮ ተንቀሳቃሽ የማይክሮፊልም ቡድን በአዲስ አበባና በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ያነሣቸው የብራና መጻሕፍት ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1970 በትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር ታትሟል። ሥርግው ሀብለ ሥላሴም እ.ኤ.አ. በ1981 በላይደን ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን የመጽሐፍ አሠራር መዝግበዋል። ፊልም የመጽሐፉን ቃል ይጠብቃል፤ የስፌቱን አጠላለፍ፣ የእንጨቱን ዓይነትና የሙጫውን ቅመም ግን ሊያሳይ አይችልም። ያረጀ ድጉስ ተገፎ በአዲስ ሙጫና ቆዳ በተተካ ቁጥር የባለሙያው የእጅ አሻራ አብሮ ይጠፋል፤ ይህም በሁለተኛ ቅጂ የማይመለስ ነው።

ስለዚህ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የአካባቢ ታሪክን ከእጅ ሥራና ከሳይንስ ትምህርት ጋር ሲያስተባብሩ ለዚህ ሙያ ቦታ ሊሰጡት ይገባል። መምህሩ ከአካባቢው ደጓሽና ከበሮ ሠሪ ጋር ተመካክሮ ተማሪዎቹ የሥራውን ቅደም ተከተል እንዲመዘግቡ ቢያደርግ፣ የቆዳን መኮማተር በዓይናቸው ያያሉ፤ ሠሪውንም በሙያው ማክበርን ይማራሉ።