የደቡብ መስኮት ምክር ከአቴና እስከ አዲስ አበባ

ስለ ቤት አሠራር ከተጻፉት የቆዩ ምክሮች አንዱ የሶቅራጥስ ነው። ክሴኖፎን እንደ መዘገበው፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ቤት በብርድ ወራት ፀሐይ ይገባዋል፤ በሙቀት ወራት ግን ፀሐይ ከጣሪያው በላይ ስለምታልፍ ጥላ ያገኛል። ምክሩ ለአቴና ትክክል ነው። ከተማዪቱ በሰሜን ኬክሮስ 38 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት፤ ከፍታዋም በሰኔ 75.5፣ በታኅሣሥ 28.5 ዲግሪ ያህል ነው።

ሮማዊው ቪትሩቪየስ በስድስተኛው መጽሐፉ የግብጽና የሮማ ቤት እንደየሀገሩ ሰማይ ሊለያይ እንደሚገባ አስጠንቅቆ ነበር፤ የኋላ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ዘነጉት። ሌ ኮርቡዚዬ በፓሪስ ለሳልቬሽን አርሚ የሠራው ማደሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ወደ ደቡብ የዞረው ግድግዳ የማይከፈት መስታወት ነበር። ጊዜው ታኅሣሥ ስለሆነ ፀሐይዋ ተወደደች፤ በጋው ሲመጣ ነዋሪዎቹ በሙቀት ተቸገሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፀሐይ መከለያ ተጨመረለት። እርሱ ባማከረበት በሪዮ ዴ ጃኔሮው የትምህርት ሚኒስቴር ሕንፃ (1936–1945) ግን መከለያው ከመጀመሪያው ታስቦ በሰሜን ፊት ተደረገ፤ በዚያ የቀትር ፀሐይ ይበልጡን በሰሜን ናትና።

አዲስ አበባስ? በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በአናታችን ላይ ታልፋለች። በመካከሉ ባሉት ወራት ቀትር ላይ በሰሜን ናት። ሰኔ 14 ቀን ከፍታዋ 75.5 ዲግሪ፣ ማለት ልክ የአቴና ያህል ነው፤ የምትመጣው ግን ከተቃራኒው ወገን ነው! በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ተሻግራ 57.5 ዲግሪ ትሆናለች።

ስለዚህ የመስኮት ቁመት 1.5 ሜትር ቢሆን፣ የቀትሩን ፀሐይ ለመከልከል በደቡብ 1 ሜትር፣ በሰሜን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ የወጣ መከለያ ይበቃል። (ለሰሜኑ የክረምቱ ደመናም ያግዛል።) አስቸጋሪው ምዕራብ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ25 ዲግሪ በታች ስለሆነች፣ ፊት ለፊት ስትመጣ ከ3 ሜትር በላይ የወጣ መከለያ ትጠይቃለች፤ ይህንንም ማንም አይሠራም። የሚረዳው ቀጥ ብሎ የቆመ መከለያ ወይም ዛፍ ነው። ከመንገዱ ጋር እንዲገጥም ብቻ ተብሎ ወደ ምዕራብ የዞረ ቢሮ፣ ከቀትር በኋላ መጋረጃውን ዘግቶ በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራል።